የጎበጠችው የበቆሎ መስመር

ይህ ነገር እውነት ነው። ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ሐሰት ሆና ብትገኝ የቢሆነኝ ጥንድ በሬዎች ቀንበር ላይ እንዳሉ ድንጋይ ይሁኑ፤ ጎተራው ውስጥ ያለው በርበሬም አመድ ሆኖ ይገኝ። የሚያወራው ቢሆነኝ ነው። ቢሆነኝ ማለት ደግሞ ባለፈው ሳምንት ቡሬ ገበያ ወርዶ የአንዲት ኬሻ በርበሬ አፍ ቢፈታ፣ ከተማው በሙሉ ከመናኸሪያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ሲያስነጥስ የዋለለት ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ጎድሎት ይዋሻል? የሚዋሸው እውነቱ ያነሰበት ነው።

ደግሞም እማኝ አለ። እዚህ ጅጋ፣ መሐመድአወል ሱቅ በረንዳ ላይ የሐምሌን ዝናብ ከተጠለለው ሰው መካከል፣ ከጨው ኬሻው ጎን ተቀምጣ ዳንቴል የምትሠራው ሸጋዬ ናት እማኟ። ነገሩ በሆነበት ዓመት ከበጎ ፈቃድ ወጣቶቹ አንዷ ነበረች፤ ሁሉንም በዓይኗ አይታለች። ሸጋዬ የሰው አፍ አትነጥቅም። ዳንቴሏን ትሠራለች፤ ከቡሬ በኩል ሚኒባስ መጥቶ ሲቆም ቀና ትላለች፤ ሰዉ ወርዶ እስኪያልቅ ታያለች፤ ተመልሳ ታቀረቅራለች። መኪና ማየት ትወዳለች መሰል።

"ውሸት ነው ወይ ሸጋዬ?"

"ገና ምኑን አወሩና አያ ቢሆነኝ" አለች።

ይኸው፣ ውሸት ነው አላለችም።

ነገሩ የሆነው ካቻምና ነው። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለው የገበሬ ማሠልጠኛ ማሳ ላይ የመስክ ቀን ሊከበር ሆነ። በየዓመቱ አዝመራው ሲያፈራ ከዞንም ከወረዳም እንግዳ ይመጣል፤ ገበሬው ከየቀበሌው ይሰበሰባል፤ በየማሳው እየዞሩ ዘሩን ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ መጨረሻ ላይ ዳስ ውስጥ ይበላል። ይህን የሚያሰናዱት የበጎ ፈቃድ ወጣቶች ናቸው። ቢያንስ አራት መቶ ነበሩ። መሐመድአወል "አሥራ ሁለት ሻይ ነው የላክሁላቸው" ይላል፤ እሱ የቆጠረው ሻይ የሚወዱትን ብቻ ነው።

ከአራት መቶው መካከል አንዱ ናሁሰናይ ነው። ይህ ልጅ እጁ ሲጽፍ አይጣል ነው። በቀለም ቡሩሽ ቆርቆሮ ላይ "ጤፍ" ብሎ ቢጽፍ ዶሮ መጥታ ቆርቆሮውን ትለቅም ነበር። ታዲያ የየማሳውን ታፔላ የሚጽፈው እሱ ሆነ፦ የዘሩ ስም፣ የተዘራበት ቀን፣ የማዳበሪያው መጠን። ቀን ቀን ይጽፋል። ዓይኑ ግን ከቆርቆሮው ይልቅ አስፋልቱ ላይ ነው፤ አስፋልቱ ላይም ከቡሬ በሚመጣው በኩል።

ለምን ቢባል አደይን ይጠብቃል።

ወደ ግንቦት መጨረሻ እንመለስ። ዝናቡ ጥሎ፣ መሬቱ ለስልሶ፣ በቆሎ በመስመር የሚዘራበት ሳምንት ነው። በመስመር ሲዘራ ሁለት ሰው ገመድ ይወጥራል፤ ገመዱ በየስንዝር ተኩሉ ቋጠሮ አለው፤ ሦስተኛ ሰው ዘር ይዞ ይከተልና ቋጠሮው ባረፈበት ሁሉ ፍሬ ይጥላል። ያችን ገመድ ከቃጫ የገመዳት ቢሆነኝ ነው። በእሷ መርከብ ቢታሰር መርከቡ ይበጠሳል እንጂ ገመዷ አትበጠስም።

ገመዱን ከወዲህ ጫፍ የያዘው ናሁሰናይ ነበር፤ ከወዲያ ጫፍ አደይ። አደይ ቆንጆ ነበረች ማለት ዓባይ ውሃ አለው እንደማለት ነው፤ ስለዚህ አይባልም። ዘሩን በቁና ይዛ ከኋላ የምትከተለው ይህችው ሸጋዬ ነበረች።

የሸጋዬ መርፌ ቆመች። ከዚያ ቀጠለች።

አሥራ ስድስት መስመር ዘሩ፤ አሥራ ስድስቱም እንደ ክራር ጅማት ቀጥ ያሉ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ገመዱን እንደወጠሩ አደይ ከወዲያ ጫፍ ሆና አንድ ነገር ተናገረች። ነፋስ ወሰደው።

"ምን አልሽ?" አለ ናሁሰናይ፤ ለመስማት አንድ እርምጃ ቀረበ።

እሷም ደግማ ልትናገር አንድ እርምጃ ቀረበች። አሁንም አልሰማም። ደግሞ አንድ ቀረበ፤ ደግሞ አንድ ቀረበች። ገመድ ደግሞ ጫፍና ጫፉን የያዙት ሰዎች ከተቀራረቡ ጸባዩ አንድ ነው፤ ይላላል። ላላና ሆዱን ነፍቶ መሬት ላይ ተኛ። ሸጋዬ ቋጠሮው ባለበት አድርጊ ተብላለች፤ ቋጠሮው ባለበት አደረገች። አፈር ለበሰ። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው፣ በመካከላቸው ሁለት ክንድ ብቻ ቀርቶ፣ ያኔ ነው አደይ ያለችው የተሰማው። ግጥም ነበር። ግጥሙ ዛሬ እዚህ በረንዳ ላይ ቢነገር ሰው ዝናቡ አባርቶም ወደ ቤቱ ስለማይሄድ ይቅር።

በቆሎ ሲበቅል ምስጢር አያውቅም። በሰኔ አፋፍ አሥራ ስድስቱ መስመሮች ቀጥ ብለው ወጡ፤ አሥራ ሰባተኛይቱ ጎብጣ ወጣች። ናሁሰናይ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ያያታል። ሰው የተናገረው ቃል በነፋስ ይሄዳል፤ የእነሱ ግን መሬት ላይ በቅሎ ቀረ። ሲኮተኩት እሷን መጨረሻ ያደርጋታል። እዚያ ሲደርስ ወገቡ አይደክመውም።

አደይ በነሐሴ፣ ከቡሄ ማግስት፣ ቡሬ ፋብሪካ ሥራ አግኝታ ሄደች። አስፋልቱ ዳር እቃዋን ይዞላት ቆመ። ሚኒባሱ ሲመጣ እቃዋን አቀበላት።

"ለመስክ ቀን እመጣለሁ" አለችው፤ "ያችን ጎባጣ ሳላያት እንዳታጭዳት።"

"ማን ደፍሮ" አለ። ረዳቱ በሩን ዘጋው።

የሷ ቃል ይኸው ነው፦ ለመስክ ቀን። ልጁ ከዚያ በኋላ ሌላ ቀን አልነበረውም። መስቀል አለፈ፣ ሰው ችቦ አበራ፤ እሱ ጥቅምትን ይቆጥራል። ስልክ እንዳይደውል ኔትወርኩ አንድ ሳምንት ካለ ሦስት ሳምንት የለም። እንዳይሄድ መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ ቀረለት፤ መስመሯን ማቆየትና ቀኑን መጠበቅ።

በጥቅምት መጀመሪያ ዝግጅቱ ጦፈ። የዚያን ዓመት በቆሎ ቁመቱ ጉድ ነው፤ አንድ ዝንጀሮ ጫፉ ላይ ወጥቶ ደምበጫ ገበያ ላይ ስንት ሰው እንደዋለ አይቶ ወረደ። ወጣቶቹ ቦይ ላይ እንጨት ረበረቡ፣ ለዳሱ ባሕር ዛፍ ተከሉ፣ የመተላለፊያውን ዳርና ዳር በድንጋይ አጥረው ኖራ ቀቡት። ኖራውን የሚቀባው ናሁሰናይ ነው። ከዳሱ እስከ ማሳው ቀባ ተባለ፤ ቀባ። አልቆመም። ከማሳው እስከ አስፋልቱ ቀባ። አስፋልቱ ጋ ሲደርስ አቅጣጫውን ወደ ቡሬ አዞረና ቀጠለ።

ጌታሁን የሚባለው ቀልደኛ ጓደኛው ባልዲውን ይዞለት ነበር። "ስማ፣ ይህ ኖራ ቡሬ ድረስ አይበቃም" አለው።

"ለእንግዶቹ ነው። መንገድ እንዳይጠፋቸው።"

"እንግዶቹ በመኪና ነው የሚመጡት፤ ሾፌር አላቸው። መንገድ የሚጠፋት ሌላ ናት።"

"ባልዲውን አምጣ ወይ ሂድ።"

"እሄዳለሁ እንጂ። አንተማ በዚህ ከቀጠልክ ማታ ከብት ነጂው ሁሉ ነጭ ድንጋይ እያየ ጠበል ያለ መስሎት መሳለም ይጀምራል።"

በማግስቱ የግብርና ባለሙያው ደጀኔ ማሳውን ሊገመግም መጣ። ደጀኔ ደግ ሰው ነው፤ ግን መስመር ይወዳል። ልጆቹን ለምሳ ሲያሰልፍ እንኳ ርቀታቸውን በክንድ ይለካል። አሥራ ሰባተኛይቱ ላይ ሲደርስ ቆሞ አየ። ጎንበስ ብሎ አየ። ባርኔጣውን አውልቆ አየ።

"ናሁሰናይ።"

"አቤት ጋሼ።"

"ይህች ምንድን ናት?"

"በቆሎ ናት።"

"በቆሎነቷን አላጣሁትም። ምን ሆና ነው ሆዷን የነፋችው?"

ጌታሁን ከኋላ ሆኖ፣ "ጋሼ፣ እሷ ወደ ቡሬ ዞራ እያየች ነው" አለ። ልጆቹ ሳቁ። ናሁሰናይ መሬት አየ።

"ዓመቱን ሙሉ ገበሬውን 'በመስመር ዝራ' እያልን ስንጨቀጭቀው ከርመን" አለ ደጀኔ፣ "እንግዳ ፊት ይህችን እናቁም? የሰው መሳቂያ ልታደርገኝ ነው? ነገ ትቆረጥ።"

ለናሁሰናይ አደይ ስትመጣ አሥራ ስድስት ቀጥ ያለ መስመርና አንድ ባዶ ቦይ ሲጠብቃት ታየው።

"ጋሼ፣ ማነጻጸሪያ እንበላት።"

"ምን?"

"ማነጻጸሪያ። እንግዳው ጎባጣዋን ሲያይ የቀጥተኛዋን ጥቅም ይረዳዋል። ያለ ማነጻጸሪያ የተሠራ ሙከራ ሙከራ ነው ወይ?"

ደጀኔ ተምሮ የመጣ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ ልቡ ይራራል። ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። "ታፔላ ጻፍላት" ብሎ ሄደ።

ያችን ታፔላ ናሁሰናይ ሦስት ቀን ጻፋት። ሌሎቹን በጥቁር ጽፎ እሷን በቀይ ጻፋት። ፊደሉ ከጮቄ ተራራ ላይ ሆኖ ይነበብ ነበር፤ አንድ መነኩሴ አንብበው ወርደዋል።

ከዚያ መለማመድ ሆነ። ጌታሁን ሸሚዙ ውስጥ ጋቢ ጠቅጥቆ፣ ቦርጫም እንግዳ ሆኖ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በየማሳው ይዞራል።

"ልጄ፣ ይህ ምን ይባላል?"

"ዳጉሳ ነው ክቡርነትዎ።"

"እኛ ቢሮ ውስጥ ይህን አናውቀውም። የሚበላ ነው?"

"የሚጠጣም ነው ክቡርነትዎ።"

"እሱን ቀድመህ አትናገርም ነበር?"

ሁሉም ሲስቅ ናሁሰናይም ይስቃል። መኪና ሲያልፍ ግን ሳቁን ግማሽ ላይ ትቶት ዞር ይላል። በቆሎው መድረቅ ጀምሮ ነበርና ቅጠሉ ነፋስ ሲነካው ከሩቅ የሚመጣ የመኪና ጎማ ድምፅ ያወጣል። ሃያ ጊዜ ተታለለ። ሃያ አንደኛውንም ዞረ።

ለጥቅምት አሥራ አምስት የተያዘው የመስክ ቀን ሲቃረብ ደብዳቤ መጣ፤ ተራዝሟል። ለጥቅምት ሠላሳ ሆነ። ያም ሲደርስ ተራዘመ፤ መንገዱ አልተመቸም ተባለ። ለኅዳር ሚካኤል ማግስት ሆነ። ወጣቶቹ ተነጫነጩ፤ ኖራው በካፊያ ታጠበ፣ ዳሱ ላይ አሞራ ሰፈረበት። ናሁሰናይ ግን በተራዘመ ቁጥር ቀለል ይለው ነበር። ያልደረሰ ቀን "አልመጣችም" አያሰኝም። ቀኑ ከሩቅ እስካለ ድረስ አደይም መንገድ ላይ ናት። ኖራውን እንደገና ይቀባል።

ሌላው ገበሬ ማጨድ ጀመረ። የማሠልጠኛው ማሳ ለመስክ ቀኑ ሲባል እንዳለ ቆሞ ቀረ፤ ደረቀ፤ የአገሩ ወፍ ሁሉ እዚያ ሆነ። ናሁሰናይ አሥራ ስድስቱን ወፍ ሲበላቸው ዝም ይላል፤ አሥራ ሰባተኛይቱ ላይ ሲያርፍ ግን ወንጭፍ ይዞ ይሮጣል። ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው። አንዳንዴ ወንጭፉን ትቶ ጎባጣዋ መሀል፣ ገመዱ የላላበት ቦታ ላይ ሄዶ ይቆማል። እግሩ የዚያን ዕለት የቆመበትን ቦታ ያውቀዋል። ከዚያ ሁለት ክንድ ቆጥሮ ባዶውን ቦታ ያያል።

እነሆ፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት ደረሰ። እዚህ ላይ ጆሮ ይሰጥ።

መኪናው ሦስት መቶ ነበር። ከፊተኛው መኪና እንግዳ ወርዶ ሲበላ የኋለኛው ገና ከፍኖተ ሰላም አልተነሣም። የሰዉ ሁካታ ጢስ ዓባይ ድረስ ተሰምቶ ፏፏቴው ለማዳመጥ ዝም አለ፤ የዚያን ዕለት መብራት የጠፋው ለዚህ ነው። ናሁሰናይ አዲሱን ቲሸርት ለብሶ ከማነጻጸሪያው ታፔላ ጎን ቆመ። እንግዳ ከመኪና በወረደ ቁጥር ፊቱን ያያል። እሷ አይደለችም። እሷ አይደለችም። ሦስት መቶ ጊዜ እሷ አይደለችም።

ታላቁ እንግዳ ጎባጣዋ ጋ ደረሱ። ደጀኔ ላብ በላብ ሆነ።

"ይህች ለምን ጎበጠች?" አሉ እንግዳው።

ናሁሰናይ ስለ ማነጻጸሪያ የሸመደደው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሸምድዶታል። አፉን ሲከፍት ግን ሌላ ወጣ።

"ገመዱን የያዙት ሁለት ሰዎች ተቀራርበው ነው ጌታዬ።"

"ተቀራርበው?"

"አዎ። አንዷ የምትለውን ሌላው አልሰማም፤ ሊሰማ ቀረበ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሄደች።"

አሥር ሺህ ሰው ዝም ሲል በቆሎው ይሰማል። ያኔ ከሕዝቡ ኋላ አንድ ድምፅ፣ "ሳላያት እንዳታጭዳት ብዬው ነው" አለ። ሕዝቡ እንደ ባሕር ተከፈለ። አደይ ነበረች። ከቡሬ ድረስ ነጩን ድንጋይ እየተከተለች፣ መኪና አጥታ በእግሯ መጥታ ነበር። እሱ ከወዲህ፣ እሷ ከወዲያ፣ ሁለት ክንድ እስኪቀር ተጠጉ። ታላቁ እንግዳ ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ከዛሬ ጀምሮ በምዕራብ ጎጃም በየማሳው አንድ መስመር ጎብጣ እንድትዘራ ብለው አዘዙ። ሠርጉማ ከዚያው ከዳሱ ነው የተጀመረ። የሠርጉን ነገር ካነሣን ዘንድ ቢሆነኝ የሰጠው በሬ...

"አያ ቢሆነኝ" አለች ሸጋዬ።

ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። ዝናቡ እያባራ ስለነበር ግን ሁሉም ሰማት። ዳንቴሉን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

"አደይ ያን ዓመት እዚህ አልነበረችም። በቆሎው ገና ሳይዘራ፣ ከፋሲካ በኋላ ነው ደምበጫ የተዳረችው፤ እርስዎም ሠርጓ ላይ ነበሩ።"

መሐመድአወል ሚዛኑን መጥረግ ትቶ ቀና አለ።

"ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ" አለች። "ከኋላ የሚከተል ሦስተኛ ሰው አልነበረም። እኔና ናሁሰናይ ብቻ ነበርን፤ እየወጠርን፣ መልሰን ዘሩን እየጣልን። ግጥምም አላልኩ። 'ውሃ ይዘሃል ወይ' ነው ያልኩት። ጠምቶኝ ነበር።"

ማንም አልሳቀም።

"ቡሬ የሄደው እሱ ነው። ለመስክ ቀን እመጣለሁ ያለው እሱ ነው። ኖራውን የቀባሁት እኔ። የመስክ ቀኑ ሦስቴ ተራዘመ፤ ከዚያ የሚያራዝምም ጠፋ። አንድ መኪና አልመጣም። ታፔላዎቹ ዛሬም ደጀኔ ቢሮ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ከመካከላቸው ማነጻጸሪያ የሚል የለም። ያችን መስመር በታኅሣሥ ራሴ አጨድኳት። ገመዱ ቤቴ ነው ያለው።"

ከአፏ ይህን ያህል ቃል በአንድ ቀን ወጥቶ አያውቅም። ከቡሬ በኩል የመጣ ሚኒባስ ሱቁ ፊት ቆመ። አልዞረችም። ቢሆነኝን ነበር የምታየው።

"ደጀኔ ቁረጧት አላለም። አላያትም። መሀል ማሳ ናት፤ ጌታሁንም አላያትም፤ መጎበጧን ከእኔና ከእሱ በቀር ያወቀ ሰው የለም። እኔ ደግሞ ለሰው ተናግሬ አላውቅም።" ዳንቴሉን አጠፈች። "እርስዎ ባለፈው ሳምንት ቡሬ ወርደው ነበር አሉ። የት አገኙት፣ አያ ቢሆነኝ?"